ርቀት በኪሎ ሜትር

ሐዋሳ ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ፣
«ስም?» አለኝ ልጅ እግሩ፣ ወደ እኔም ሳያይ።
«ዱሬቴ» ስል ጻፈ።
«ዕድሜስ?» ገመትኩለት፤ በግምቴ አለፈ።
«የባል ስም?» «ለዳሞ።» አንገቱን ሳያቀና፣
«ከቤትሽ እስከዚህ ስንት ኪሎ ሜትር?» አለኝ እንደገና።

ሣጥኗን አየኋት፣ ከጥያቄው ጎን፣
ሁለት አኃዝ ብቻ የምትይዘውን።

ልጄ፣ ለዓይንማ ቅርብ ነው፤
ከጓሮዬ ቆሜ ማታ መብራታችሁን ሳየው፣
ሐይቁ ዳር የፈሰሰ ፍም ይመስለኛል፣
ጎንበስ ብዬ ብዝቀው እፍኜ ይሞላል።
እግር ነው የማያደርሰው፤ ለእግርም ፈቃድ ያሻዋል።

ያን ዓመት፣ በመጀመሪያው፣
እንሰት ስፍቅ ነው እንሽርቴ የፈሰሰው፣
መፋቂያው በእጄ እንዳለ።
ዝም አልኩ። የሴት ጩኸት አጥር ከዘለለ
ጎረቤት ይስቃል ተብዬ ስላደግሁ፣
ከእንሰቱ እስከ ምሰሶው አንድ ቀን ሙሉ ሄድሁ።

አማቴ በመዳፏ ምሰሶውን መትታ፣
«ሰባቱን እዚህ ነው» አለች፤ ደገመችው ማታ።
ሰባት አለች እንጂ፣ በሕይወት ያሉት አራት፤
ሦስቱን በቤታችን ማንሳት
ነውር ነበር፤ አመድ የለበሰ እሳት።

ለዳሞ ቱላ ገበያ ነበር። ስልኩም ዝግ ነው።
ያለ እሱ ቃል በሩን ማን ሊከፍተው?
ከምሰሶው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነች።
ሁለት ጊዜ ዶሮ ጮኸ፤ አንዲት ሌሊት አለቀች።

አምቡላንሱ በነጻ ነው፣ ነዳጅ ሲኖረው፤
ቢኖረውም ወንዙ ሞልቶ ማዶ አስቀረው።
አራት ወንዶች በቃሬዛ አነሡኝ። አንዱ፣
ባሕር ዛፉን ትከሻው ላይ እያመቻቸ በመንገዱ፣
«ማሪሜንም በዚሁ እንጨት ነው» አለ፣ ሳያስበው፤
«ስንሄድም፣ ስንመለስም።» ሌላው ሳል ሳለ፣ ሊያቋርጠው።

ጤና ጣቢያ ደረስን። ትርሲት፣ አዋላጇ፣
መብራት ጠፍቶባት ስልኳን በጥርሷ ነክሳ፣ ጓንት አጥልቃ በእጇ፣
ብዙ ታገለች። «ከእኔ በላይ ነው፤ ሂዱ» አለች።
ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ነው፤ አስፋልት ነው፤ ፀሐይም ወጣች።

እዚህች መስኮት ስንደርስ፣ በሆዴ ያለው ዝም ብሎ ነበር።
አንተ አልነበርክም ያኔ፤ ሌላ ሰው ነበር።
ቁጥር ጻፈ እሱም። ዐሥራ ስምንት።
የቆጠረው ከጤና ጣቢያው ወዲህ ነው፣ መኪና የሚሄድበትን ርቀት።

ዘንድሮስ? ዘንድሮ በቀን ነው የመጣሁ፣
ሳምንት ሲቀረኝ፣ ምጥ ሳይቀድመኝ፣ በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ።
ሐሙስ ሐሙስ ዐሥር ዐሥር ብር እንጥላለን፣
ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሦስት ሴቶች ይዘን።
የባጃጁ ልጅ ስልክ በከሰል ተጽፏል፣ በየበሩ ጀርባ፤
ለዳሞን አንድ ማታ አየሁት፣
የደበዘዘውን አኃዝ ሲያደምቅ፣ ከሥራ ሲገባ።
የመጀመሪያዋን ዐሥር ብር ማን ጣለ መሰለህ? አማቴ።
ምንም አላለች። ምሰሶውን አላየችም። አላየችም ወደ ፊቴ።

ድልድዩ ግን አልተሠራም፤ ነዳጁም እንደዚያው፤
በነሐሴ ለምትወልደው ወንዙ ዛሬም ያው።

ይህን ስል ከኋላዬ ሰልፉ ዝም አለ።
አንዲት ከዶሬ የመጣች፣ «የእኔንም ጨምርበት፣ ቦታ ካለ።»
ልጁ ቀና አለ። ገና አሁን ነው። አየኝ።
እስክሪብቶው ሣጥኗ ላይ ቆሞ፣ «እና ስንት ልበል?» አለኝ።

«ዐሥራ ስምንት በል» አልኩት፤ «ሰልፉ ይረዝማል።
እርሳስ ካለህ ግን በእርሳስ ይሁን፤ ገና ይለወጣል።»